ሥጋ የተበደረችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ አህዮች ድግስ በሚወዱበት ዘመን፣ ዳለቻ የምትባል ድሃ አህያ ነበረች። ውርንጭላዋ ጡት ስትጥል ጎረቤቶቿን ልትጠራ አሰበች። ቤቷ ውስጥ ግን ከገለባ በቀር ምንም አልነበረም። ይህን የሰማች ቀበሮ እየሮጠች መጣች።

«ለእንግዳ ገለባ ልታቀርቢ ነው? ሰው ምን ይላል?» አለቻት። «አያ ጅቦ አንድ ታፋ ሥጋ ያበድርሻል። ክረምቱ ሲወጣ ሁለት አድርገሽ ትመልሻለሽ። መያዣ ብቻ ያስፈልጋል።»

«እኔ ምን መያዣ አለኝ?»

«ውርንጭላሽ አለች አይደል እንዴ።»

ዳለቻ ይሉኝታ አሸነፋትና ተስማማች። በድግሱ ዕለት አህዮቹ ሥጋውን አደነቁ፣ ገለባቸውን በሉ። ሥጋውን የጨረሱት አያ ጅቦና ቀበሮ ነበሩ። ጅቦም ሲወጣ አፉን እየጠረገ፣ «እጅሽ ይባረክ። ዕዳሽን አደራ» አላት።

ክረምቱ ወጣ። ዳለቻ የምትከፍለው አልነበራትም። ጅቦ መጥቶ ውርንጭላዋን ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «እስከ ቅዳሜ ካልከፈልሽ ይቺን እወስዳለሁ» ብሏት ሄደ። ዳለቻ ነገሩን ለማንም ሳትናገር ውሃ ልትጠጣ ምንጭ ወረደች። እዚያም ድንገት ሳቅ አፈናት።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ጎረቤቷ ቡላ።

«በራሴ ነው የምስቀው። ሥጋ ቀምሼ የማላውቅ አህያ ሥጋ ተበደርኩ። አበዳሪዬን ቤቴ ጠርቼ ያንኑ ሥጋ አበላሁት። አሁን ደግሞ ልጄን ሊበላብኝ ነው። ይህን የሚያህል ጆሮ ተሸክሜ ምን ሰማሁበት?»

ሳቋ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

ቡላ አንገቷን ደፋች። «እኔም ለአማቴ ተዝካር ከጅቦ ሥጋ ወስጃለሁ» አለች።

«እኔማ የተበደርኩት ያንቺን ድግስ አይቼ ነው» አለ ውሃ ሲጠጣ የነበረ አንድ ሽማግሌ አህያ ወደ ዳለቻ ዞሮ።

ለካ በምንጩ ዙሪያ የጅቦ ዕዳ የሌለበት አልነበረም። ሁሉም እርስ በርስ ተደባብቀው ነው የኖሩት።

«ከጫካው ያለው አንበሳ ያደነውን ወደ ዋሻው የሚሸከምለት አጥቷል» አለች ቡላ። «እኛ እንሸከምለትና በሥጋ ይክፈለን። የሚገኘውን እንደ ዕቁብ በየተራ እንውሰድ። የመጀመሪያው ለዳለቻ ይሁን፣ ልጅ የተያዘባት እሷ ናት።»

አንበሳው ደስ አለው። አህዮቹም ሥጋ ተሸክመው እየተንቀጠቀጡ፣ «ጅብ ሸሽቶ አንበሳ ቤት የሚሄድ ከእኛ ሌላ ማን አለ?» እያሉ በራሳቸው ይስቁ ነበር።

ቅዳሜ ዳለቻ ሁለቱን ታፋ አንበሳው ቆሞ እያየ አስረከበች። ጅቦ ውርንጭላዋን እያየ ምራቁን ዋጠ። ቀበሮ «የዘገየበት ወለድስ?» ልትል አፏን ስትከፍት አንበሳው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሷም ወዲያው የምትቸኩልበት ጉዳይ ትዝ አላት።

ተራው እየደረሳቸው አህዮቹ ሁሉ ከዕዳ ወጡ። በዓመቱ ዳለቻ እንደገና ደገሰች። ጅቦና ቀበሮ ሽታ ፍለጋ አፍንጫቸውን አንስተው ገቡ።

«ሥጋው የታለ?» አለ ጅቦ።

«ገለባ ነው ያለው፣ አረፍ በሉ።»

«ኧረ ሰው ምን ይላል?» አለች ቀበሮ።

ዳለቻ እያኘከች ወደ ጎረቤቶቿ ዞር አለች። «የሚለውማ ይኸው፣ ገለባውን እየበላ ነው» አለቻት።

ከዚህ የምንማረው ለይሉኝታ ብለን የገባንበት ዕዳ ደብቀን ብቻችንን ስንሸከመው ልጃችንን እስከ መውሰድ እንደሚደርስ፣ ሞኝነታችንን ሳናፍር ለጎረቤት ስንናገር ግን የሚያግዘን እንደማናጣ ነው።