የአያ ቀበሮ ምርቃት

ተጠጉልኝማ ልጆቼ፤ የዛሬው ተረት እኔንም ያስፈራኛል። ድሮ ድሮ፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ አራዊት ሁሉ ከአንድ ወንዝ ይጠጡ ነበር። ጉብታው ላይ የሚኖረው ሆዳሙ አያ ቀበሮ አንድ ቀን፣ «ወንዙ ታች ከሚጠብበት ከገደሉ በር ቢገደብ ውሃው እስከ ጉብታዬ ሥር ይተኛል። ሊጠጣ የሚመጣው ሁሉ በደጄ ያልፋል፤ እኔም የወፈረውን እመርጣለሁ» ብሎ አሰበ። ለንጉሥ አንበሳ ግን «ለበጋ ውሃ ይሆነናል» አለው።

«ሕዝቡ ይስማማ እንጂ» አለ አንበሳ፤ ጉባኤም ተጠራ። እመት ጃርትም መጣች። ጉድጓዷ ወንዙ ዳር ነው፤ ገና የማይራመዱ ሦስት ልጆች አሏት። «ቤቴን ውሃ ይበላዋል» ልትል ፈለገች፤ የአንበሳን ጥፍር ስታይ ምላሷ ደረቀ።

ቀበሮ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሥቶ መረቀ።

«ዝናቡን በወቅቱ ያድርግልን።»

«አሜን።»

«ከክፉ ይሰውረን።»

«አሜን።»

«ወንዙን ከገደሉ በር ይገድብልን።»

«አሜን።» አፍ የለመደው ነዋ፤ እመት ጃርትም ብላለች።

«ይኸው፣ ሕዝቡ ተስማማ» አለ ቀበሮ።

ድንጋዩ ተከመረ፤ ውሃውም አበጠ። መጀመሪያ የጃርትን ደጅ አራሰ፣ ከዚያ መኝታዋን፣ ከዚያ እስከ ልጆቿ ሆድ ደረሰ። ይዛቸው እንዳትሸሽ አያ ቀበሮ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ምራቁን እየዋጠ ያያታል። እንዴት ያለ ፍርሃት ነው፣ ልጆቼ።

ግድቡ ሊመረቅ አራዊቱ ዳግመኛ ሲሰበሰቡ፣ ጃርት ልጆቿን ጉድጓዷ ውስጥ ከፍ ካለ የዛፍ ሥር ላይ አስደግፋ ሄደች። «ጌታዬ፣ ዛሬስ እኔ ልመርቅ» አለች። አንበሳ ፈቀደላት።

«ጤና ይስጠን።»

«አሜን።»

«ንጉሣችንን ያቆይልን።»

«አሜን።»

«ግድቡ ከፍ ይበል፤ ውሃው አያ ቀበሮን ከነጉድጓዱ ይዋጠው።»

«አሜን» አሉ፤ ከሁሉም የቀበሮ ድምፅ ጎላ ብሎ ተሰማ። ወዲያው ዘሎ ተነሣ። «ኧረ ጌታዬ፣ እኔ እኮ ምርቃት መስሎኝ ነው።»

አንበሳ ዞሮ አየው። «ሌሎቹስ ምን መስሏቸው ነበር?»

ይሄኔ ጃርት፣ «ልጆቼ ውሃ ውስጥ ናቸው ጌታዬ። እርስዎን እፈራለሁ፤ ውሃውን ግን ይበልጥ እፈራለሁ» አለች። ፍልፈል ተናገረ፣ ቆቅም ተናገረች፤ ሁሉም ፈርቶ የዋጠውን አወጣ። አንበሳም «ይፍረስ» አለ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ያነሣው ራሱ ቀበሮ ነው፣ አንበሳ ከኋላው ቆሞ።

ውሃው ሲጎድል እመት ጃርት ሮጣ ገባች። ከሦስቱ ልጆቿ ሁለቱን ብቻ አገኘች።

ሳይመክሩ አሜን ያሉ፣ ጎርፍ በገባበት ቤት ያለቅሳሉ።