ታንኳ አሳሪውና ማዶ የቀረችው ልጁ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሐይቅ ዳር የሚኖር፣ ከደንገል ታንኳ የሚያስር። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ እሷንም ማዶ ወዳለች ደሴት ድሯታል።

ውባለም ልጄ፣ «አባቴ ለምን ስሜን ረሳው ብዬ ብጠይቅ ሽማግሌው ሐኪም ተረት ጀመሩልኝ» ብለሽ እንዳትታዘቢኝ። «ጠልቶኝ ይሆን እንዴ?» ነበር ያልሽኝ። ለዚህ ጥያቄ የምርመራውን ውጤት ባነብልሽ መልስ አይሆንሽም። እንባሽን ጥረጊና ስሚኝ።

የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሰውዬው አሮጌው ሳይሰምጥ አዲስ ማሰር ነበረበት፤ እጁ አርፎ አያውቅም። ደሴቲቱ አለት ናት፣ ደንገል አይበቅልባትም፤ በዚያ ዳርቻ ከእሱ ቤት በቀር ታንኳ የሚታሰርበትም አልነበረም። በየሳምንቱ እህል ጭኖ ይሻገራል። ልጁ ከሩቅ ስታየው «አባዬ!» እያለች ወደ ውኃው ትሮጣለች። አባት የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምን አለው?

ታንኳ ደግሞ አንዳንዴ ተጣሞ ይታሰራል። የሰው እጅ ነው፣ ይስታል። ሰውዬው አንዲት ታላቅ እህት ነበረችው፤ እሷ የተጣመመውን ታንኳ ትፈታና ደንገሉን አቃንታ እንደገና ታስረዋለች። አልቃና ያለውን በታትና ለማገዶ ታደርገዋለች። «መሳሳትስ ያለ ነው፤ ሳይታረም ሲያድር ነው የሚያስፈራኝ» ትል ነበር። ቤቱ በእሷ ጉልበት ኖረ።

እያደር ግን እህትየው አረጀች፣ ጣቶቿ ዛሉ። የተጣመመው ከምትፈታው በለጠና ዳርቻው ላይ ይቆለል ጀመር። በዚያ አገር ልማድ ከውኃ የወጣ ታንኳ እንዲደርቅ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል። ቦታው ሲጠብባቸው አብረውት የሚያስሩት ሠራተኞች እርጥቡን ታንኳ ጠማማው ክምር ላይ ያስደግፉት ጀመር። እርጥብ ደንገል የተደገፈበትን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ጠዋት ደህና የነበረው ማታ ጠማማ ሆኖ ይነሣል፤ እሱም በተራው ሌላውን ያጣምማል። ነውር አይሁንብኝና፣ ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባል የለ? ይኸው ነው የሆነው።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ ጠማማ ታንኳ ሐይቁ መሀል ተገለበጠና የጎረቤቱ ልጅ ሞተ። ሰውዬው ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። ከቀብር ሲመለስ ሠራተኞቹን ሰበሰበና «ይህ ክምር ሳይጸዳ አንድ አዲስ ታንኳ የሚያስር ሰው ሬሳዬን ይቅበር!» ብሎ ገዘታቸው።

ክፉ ትእዛዝ ነው? አይደለም፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር። በጠማማ ላይ ጠማማ ከመጨመር እጅን ሰብስቦ ማጽዳት ይሻላል። ክምሩ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ጸድቶ ሥራው በቀጠለ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ክምሩ የሚያልቅ አልሆነም። አሮጊቷ አንዱን ስትፈታ ሌላው ይጣመማል። የቀሩት ደህና ታንኳዎች ደግሞ ውኃ እየጠጡ ተራ በተራ ሰመጡ፤ የሚተካቸው የለም። በመጨረሻ ወደ ማዶ የሚያሻግር አንድ እንኳ ጠፋ።

እህቱ «ኧረ ወንድሜ፣ በፈጠረህ ግዝቱን አንሣ! ልጅህ ማዶ ቀረችብህ እኮ» አለችው።

«ሌላ የሰው ልጅ ልግደል?» አላት። አላነሣም።

«ለምን ዋኝቶ አልሄደም?» ልትይኝ ነው፤ ገብቶኛል። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ጉማሬም አለበት። ሞክሮ ሊሰምጥ ሲል ጎትተው አወጡት። ከዚያ ወዲያ ሥራው ውኃው ዳር ቆሞ ስሟን መጣራት ብቻ ሆነ። ድምፁን ነፋስ እየበላው አይደርስላትም።

ልጅቱ ማዶ ሆና ትጠብቃለች። ሳምንት ሄዶ ሳምንት መጣ። ጎረቤቶቿ «አባትሽ ረስቶሻል፣ ቁርጥሽን እወቂ» አሏት። መጀመሪያ ተቆጣቻቸው፤ ኋላ አመነች። «እህሉስ ይቅር፣ ዓይኔን ለማየት እንኳ አንድ ቀን ብቅ አይልም?» አለችና ወደ ውኃው መውረዷን ተወች። እሱ ስሟን እየጠራ ሞተ። እሷ አባቴ ጠልቶኛል እንዳለች አረጀች። አንጀቴን የሚበላኝ ምን መሰለሽ? በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ አንድ ክፉ ሰው የለም።

እንግዲህ ውባለም፣ ያ ሰው አባትሽ አንጎል ውስጥ ያለ አንድ ህዋስ ነው። ታንኳው ፕሮቲን ነው፤ በልኩ ካልታጠፈ አይሠራም፣ ያረጃል፣ ሁልጊዜም በአዲስ ይተካል። ተጣሞ የታጠፈውን የሚያቃኑ፣ ያልቀናውን የሚበታትኑ በህዋሱ ውስጥ አሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ እነሱም ይደክማሉ። የተጣመመው ይከመርና ደህናውን ያጣምማል። ህዋሱ ሲጨንቀው ራሱን ለማዳን ብሎ አዲስ መሥራቱን ያቆማል። ማቆሙ ሲረዝም ግን እንደዚያች ልጅ ማዶ ካለው ጎረቤቱ ህዋስ የሚያገናኘው ነገር ያልቅበታል፣ ቆይቶም ይሞታል። የሰው ትዝታ የሚኖረው በዚያ መገናኛ ነው፤ ያንቺም ስም እዚያ ነበር። የበሽታው ነገር በዚህ ብቻ አያልቅም፤ እኛም ገና እየተማርን ነው። አባትሽ ግን አልጠላሽም። ይህን ስነግርሽ አልጠራጠርም።

ይድናል ብዬ አልዋሽሽም። ያንን ግዝት የሚያነሣ መድኃኒት እስካሁን በእጃችን የለም። ብቻ ነገ ቤት ስትገቢ «እኔ ማነኝ? እስቲ ስሜን ጥራ» እያልሽ አትፈትኚው፤ እሱም ይጨነቃል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ። «ውባለም ነኝ፣ አባዬ» በይውና እጁን ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪ። ወዲያው ቢረሳው ደግመሽ ንገሪው። እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ መሻገር አይችልም። አንቺ ሂጂለት።