ፀባይዋ ነው

አንድ ሻረው የሚባል ሹፌር አሮጌ መኪና ነበረችው። ፍሬኗ መጀመሪያ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ የሚይዘው ደጋግመው ሲረግጡት ነው። ሦስተኛ ማርሿም ቁልቁለት ላይ በራሱ ስለሚወጣ ጥርቅም አድርጎ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል።

መካኒኩ «ጋሼ፣ ኧረ ይቺ ነገር ሳትብስ ትሠራ!» ሲለው ሻረው ይስቃል።

«ፀባይዋ ነው። እኔና እሷ ተግባብተናል።»

እንዲያውም ይኮራባት ነበር። ከእሱ በቀር ማንም አይነዳትማ!

አንድ ቀን ጠዋት ወገቡን ያዘውና ከአልጋው መነሳት አቃተው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ብዙም ያልቆየችው ልጁ ፋናዬ ደግፋ መኪናው ውስጥ ከጎኗ አስቀመጠችውና ወደ ሐኪም ቤት መንዳት ጀመረች። ሻረው ስለ ፍሬኑ ሊነግራት አሰበና ተወው። ያን ሁሉ ዓመት የተኩራራባትን መኪና «ብልሽት አለባት» ማለት አሳፈረው።

«ብቻ ቀስ ብለሽ ንጂ» አላት።

ወደ ገበያው የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ማርሹ ወጣ። መኪናዋ ተለቀቀች። ፋናዬ ፍሬኑን ስትረግጥ እግሯ ወለሉን ነካ።

«አባዬ! ፍሬን የለም!»

ታች፣ ሰው ዘንቢሉን ይዞ፣ ልጁን አዝሎ መንገዱን ያቋርጣል። ሻረው ሊነግራት አፉን ከፈተ። እግሩ የለመደውን ነገር ለማንም በቃል ተናግሮት አያውቅም። ምን ብሎ ይንገራት? ገበያተኛው እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ።

«ርገጪ! ልቀቂና ርገጪ! ደጋግመሽ!» ብሎ ጮኸና የወገቡን ሕመም ረስቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

መኪናዋ የአንዱን ቲማቲም ከነመደቡ ጨፍልቃ፣ ልጅ ካዘለች አንዲት ሴት ፊት ቆመች። ሴትየዋ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈች።

ፋናዬ መሪውን እንደያዘች ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»



የለመድነው ብልሽት የተጠገነ ይመስለናል። ቁጣችንን፣ ዋሾነታችንን፣ ግትርነታችንን «ፀባዬ ነው» እያልን እንኖራለን፤ እንዴት እንደምንይዘው ስለምናውቅ አያስፈራንም። አንድ ቀን ግን መሪውን ለምንወደው ሰው እንለቃለን። ያ ሰው የሚረግጠው እኛ ያላሠራነውን ፍሬን ነው።

እርስዎስ «ፀባዬ ነው» ብለው የተዉት ብልሽት የትኛው ነው? ነገ መሪውን የሚይዘውስ ማን ነው?