ከቧንቧው የወጣው ጥቁር እንክብል

አንድ ባለጸጋ ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። መብራት ያለው ሐኪም ቤት ሩቅ ነበርና በቃሬዛ ላይ እንዳለች መንገድ ላይ ቀረች። አንዲት ልጁ ስታረግዝ ታዲያ «እሷስ እንደ እናቷ አትሆንም» ብሎ በመንደሩ በሚስቱ ስም ጤና ጣቢያ አሠራ። ከሃይድሮጂን ጋዝ መብራት የሚያመነጭ ማሽንም አስመጣ።

ጋዙ ከከሰል የሚወጣ ስለሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አያጣውም። ይህ መርዝ አይታይ፣ አይሸት። ሰው እንደሚገድል ሁሉ በማሽኑ ውስጥ መብራቱን የሚያመነጨውንም ፕላቲኒየም የሚባል ውድ ብረት ቀስ እያለ ያፍነዋል። ትርሲት የምትባል ኬሚስት ለዚህ መላ አበጀች። ከመዳብና ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ የተሠራ ጥቁር እንክብል ጋዙ በሚያልፍበት የመስታወት ቧንቧ ውስጥ ሞላች። ትንሽ አየር ሲጨመርበት እንክብሉ መርዙን እየመረጠ ያቃጥላል፤ ሃይድሮጂኑን ያሳልፋል። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የምረቃው ቀን ቀረበ። እንግዳ ሲመጣ እኛ የምንሆነው ይታወቃል፤ ድንጋዩና የዛፉ ግንድ ሳይቀር ኖራ ይቀባል። ባለጸጋው ግቢውን ሲዞር ቧንቧው ጋ ደርሶ ቆመ።

«ይሄ ጥላሸት ምንድን ነው?»

«መርዙን የሚያጠፋልን እሱ ነው፣ ጋሼ።»

«በሚስቴ ስም በቆመ ቤት? ሰው ምን ይለኛል! አውጡና ነጭ ጠጠር ሙሉበት።»

«ጋሼ፣ ልጅዎ የምትወልደው እዚሁ ነው። እባክዎ ይተዉት።»

«ለእንግዶቹ ብቻ ነው። ሲሄዱ ትመልሺዋለሽ።»

እንክብሉ ወጥቶ መጋዘን ገባ፤ ቧንቧው ነጭ ጠጠር ተሞላ። እንግዶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ ቧንቧውንም አድንቀው ሄዱ። ትርሲት እንክብሉን ልትመልስ ስትመጣ «ሌላ እንግዳ አለ፣ ቆዪ» ተባለች። ደግማ መጣች፤ አሁንም እንግዳ አለ። መብራቱ እንደሆነ ይበራል። ባለጸጋው «አየሽ፣ ምን ሆነ?» ብሎ ሳቀባት። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሳቅ ነው።

ክረምት ገባ። መብራቱ ሲደበዝዝ ሰው በዝናቡ አሳበበ። አንድ ጠዋት የባለጸጋውን ልጅ ምጥ ያዛት። ሕፃኑ ትንፋሽ አጥሮት ተወለደ። የኦክስጅን መሣሪያው ተሰካለት፤ ጥቂት እንደሠራ ግን መርዙ ያፈነው የመብራት ማሽን ቆመ። ትርሲት ወደ መጋዘን ሮጠች። እንክብሉን ግን ለእንግዶቹ ግቢውን የሚያጸዱት ሰዎች ከቆሻሻ ጋር ደፍተውታል። ፕላቲኒየሙ አስቀድሞ ታፍኗልና ቢገኝም ያን ሰዓት አይደርስም ነበር። ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሞተ።

ከቀብር መልስ ባለጸጋው ትርሲት አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«ያን እንክብል እንደገና መሥራት ይከብዳል?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

«አይከብድም፣ ጋሼ» አለችው። «ርካሽ ነው።»

ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

ወዳጄ፣ የሚጠብቀን ነገር ሁልጊዜ አያምርም፤ ውድም ላይሆን ይችላል። ለእንግዳ ዓይን ብለን ስናነሳው እንግዳው አጨብጭቦ ይሄዳል፤ ጉዳቱ የሚቀረው ለቤት ሰው ነው። አንተስ «ነገ እመልሰዋለሁ» ብለህ ከቤትህ ያወጣኸው ምን አለ?