በዓሣው ሆድ የተደበቀችው ቀንድ አውጣ

አንድ ሰው ምሳው እስኪወጣ ድስት አጠገብ ቆሞ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ርቦት የቆመ ሰው። ከዚያ ድስት ሲመለስ ግን ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ምን አገኘው? ስሙኝማ!

አገሩ ሜክሲኮ ነው። ሙቀቱ ድንጋይ የሚያልብ፣ ደኑ እስከ ውኃው ከንፈር የሚወርድ፣ አንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር። ዓሣውስ ብትሉ? ዓሣው ተነሥቶ ቢወጣ ሐይቁ በግማሽ ይጎድላል! በዚያ መንደር ለበዓል እያንዳንዱ ቤት ዓሣውን በቃሪያና በቲማቲም አሽቶ፣ ትሪ በሚያህል፣ እንደ እንስላል በሚሸት ቅጠል ይጠቀልለዋል። በዘንባባ ስንጥቅ ያስረዋል። የመንደሩ ጥቅል ሁሉ ጥጃ በሚውጥ አንድ ድስት ገብቶ በእንፋሎት ይበስላል። ታዲያ የማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል? በቋጠሮው! እያንዳንዱ ቤት የራሱ አተሳሰር አለው፤ እናት ለልጆቿ የምታወርሰው።

የሰውየው ስም ቴዎዱሎ ነው። «የእናቴ እጅ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፤ እኔ ዓሣ ሳበስል አዞ ወጥቶ ይሰለፋል!» ይላል። ታናሽ ወንድሙ ኒካኖር ደግሞ ሐይቁ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችው። ቴዎዱሎ ስለ እሷ ምን አለ? «የእሱን ዓሣ ውሻም አያሸተው!» አለ። በጀልባ ላይ አለ። በገበያ አለ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ አለ። ሰው ሰማው፤ ሰው አመነው። የኒካኖር ወንበሮች ባዷቸውን ቀሩ። በመጨረሻ ምድጃውን አጠፋና፣ በበዓሉ ማግስት ልጆቹን ይዞ አገር ጥሎ ሊሄድ ዕቃውን ከነምድጃው ጀልባ ላይ ጫነ።

በበዓሉ ቀን ድስቱ ዳር አንድ ጎረቤት ቴዎዱሎን ጠጋ አለው። «አበልጄ፣ ወንድምህ ነገ መሄዱ እኮ ነው። አንድ ቃል እንኳ አትለውም?»

«ምን ልበለው? የሱ ዓሣ በጉሮሮዬ ካለፈ፣ እዚህ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ እግሩን እስማለሁ!»

«ሰዎች፣ ሰማችሁ?»

«ይስሙ! አዞውም ይስማ!»

ክዳኑ ተነሣ። ሌላ ጊዜ ጥቅሉን አውጥታ የምትሰጠው ሚስቱ ኦቲሊያ ነበረች። ዛሬ ግን ፉከራው አስቸኮለው። እጁን ሰደደ፤ የእናቱን ቋጠሮ አየ፤ መንጭቆ አወጣው። ፈታው። ጎረሰ።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጮኸ፦ «ይኼ ነው የእናቴ እጅ! በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ከእኔ በቀር ይህን የሚያወጣ ማነው?»

እየሳቀ ደግሞ ጎረሰ። ቋ! ጥርሱን አንድ ነገር መታው። አውጥቶ መዳፉ ላይ አየው። አንዲት ቀንድ አውጣ።

አትሸማቀቁ! የዚያ ሐይቅ ቀንድ አውጣ ለእነሱ ምግብ ነው፤ ሎሚ ጨምቀው ጣታቸውን ይልሱበታል። እሱን ድርቅ ያደረገው ሌላ ነው። እናቱ በሕይወት ሳለች በበኩር ልጇ ዓሣ ሆድ አንዲት ቀንድ አውጣ ትደብቅ ነበር፤ «ቀድመህ የመጣኸው፣ ፈልጋት!» እያለች። ከሞተች ወዲህ እሱ ራሱ ረስቶታል።

«ኦቲሊያ፣ አንቺ ነሽ ያስገባሻት?»

«እኔ የቱን? የኛማ ገና ድስቱ ውስጥ ከታች ነው!»

ቅጠሉን አገላብጦ ስንጥቁን አየ። ያንን ቋጠሮ የሚያስሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። አንዱ እሱ ነው።

ቀና ሲል ኒካኖር ከሕዝቡ ኋላ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። «በየበዓሉ ቀንድ አውጣ ያለበት ጥቅል አስገባልሃለሁ» አለው። «አንተ ስለማትነካው ሳልፈታው ይዤው እመለሳለሁ። ዛሬ የመጨረሻዬ ስለሆነ ትልቋን መርጬልህ ነበር።»

ወገኖቼ፣ ያ አዞ የሚያሰልፍ ሰውዬ ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ፉከራውን አስቦ መሰላችሁ? ድንጋጤ ነው የጣለው! ኒካኖር እግሩን አላስነካም። አጠገቡ ጭቃው ላይ ቁጭ አለና «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለው።

አልበላም። ተነሥቶ ቅጠሉን እንደያዘ በሕዝቡ መካከል ዞረ። ለእያንዳንዱ ቁራሽ እየሰጠ «የወንድሜ ነው። ሳልቀምስ ነው ያወራሁት። የወንድሜ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ጀልባው ወረደ። ምድጃውን በትከሻው ተሸክሞ መልሶ ወጣ።

እናንተስ? ሳትቀምሱ የተፋችሁት የማንን ነው? ምላሳችሁ የማንን ምድጃ አጠፋ? እያማችሁት ድርሻችሁን ያስቀመጠላችሁ፣ እየሰደባችሁት ትልቋን የመረጠላችሁ ማነው? በስሙ ታውቁታላችሁ። አሁን፣ እዚሁ ተቀምጣችሁ፣ ፊቱ ትዝ ብሏችኋል። ይቅርታ ስትጠይቁም እንደ ሐሜታችሁ ይሁን፤ በገበያ ያማ በገበያ ይመልስ፣ በደጅ ያማ በደጅ።

አሜን ማለቱ ትንሽ ይቆየን። የእሱም ዕቃ ጀልባ ላይ ነው። ሳይሄድ ቶሎ ውረዱ!