ማንጠግቦሽ አፏን አልከፍትም አለች

ተረቴ ራሱ ትንሽ፣ ጅራቱ ረጅም ነው፤ ጅራቱን ያዙልኝና ልጀምር።

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ይርገዱ አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች፤ የሦስት ዓመቷ ማንጠግቦሽ አፏን እንድትከፍት። የመንደሩ ሕፃናት ሁሉ ጤና ኬላው መጥተው የፖሊዮ ጠብታቸውን ወስደዋል። የማንጠግቦሽ እናት ግን ገበያ ወጥታ፣ ልጅቷ ከአያቷ ጋር ቤት ውላለች። ይርገዱ ልጅቷን እግር የሚያሽመደምደው ልምሻ እንዳይዛት ፈራች። ጠብታው በተቀመጠበት ሳጥኗ ያለው በረዶም እየቀለጠ ነው፤ ካለቀ መድኃኒቱ ይበላሻል። ሳጥኗን አንግታ እነማንጠግቦሽ ቤት ድረስ ሄደች።

«የኔ እናት፣ አፍሽን ክፈቺ። ሁለት ጠብታ ብቻ ናት።»

«መጀመሪያ ድመቷ ትክፈት፣» አለች ማንጠግቦሽ፤ አፏንም ጥርቅም አደረገች።

ይርገዱ ምን ታድርግ፣ ወደ ድመቷ ዞረች። «እሜቴ ድመት፣ አፍሽን ክፈቺ፤ ማንጠግቦሽ አልከፍትም አለች።»

ድመቷ «ወተት ሳላይ አልከፍትም፣» አለች።

ወተቱ ጓዳ፣ ጮጮ ውስጥ ነው። «ጮጮ ሆይ፣ ወተት ይዘህ ውጣ፤ ድመት አልከፍትም አለች፣ ማንጠግቦሽ አልከፍትም አለች።»

ጮጮው ከውስጥ «በሩ ተቆልፎብኝ በየት ልውጣ?» አለ።

«በር ሆይ፣ ተከፈት፤ ጮጮ አልወጣም አለ፣ ድመት አልከፍትም አለች፣ ማንጠግቦሽ አልከፍትም አለች።»

በሩ «ያለ ቁልፍ አልከፈትም፣ እኔም ወግ አለኝ፣» አለ።

ቁልፉ ደግሞ ከአያትየው ከአባባ ደምለው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ድመቷን ፈርተው ጓዳውን የሚቆልፉት እሳቸው ናቸው። «ቁልፍ ሆይ፣ ውረድ፤ በር አልከፈትም አለ፣ ጮጮ አልወጣም አለ፣ ድመት አልከፍትም አለች፣ ማንጠግቦሽ አልከፍትም አለች።»

ቁልፉ «አባባ እሺ ሳይሉ አልወርድም፣» አለ።

«አባባ፣ እሺ ይበሉ፤ ቁልፍ አልወርድም አለ፣ በር አልከፈትም አለ፣ ጮጮ አልወጣም አለ፣ ድመት አልከፍትም አለች፣ ማንጠግቦሽ አልከፍትም አለች፣ በረዶው ግን እየቀለጠ ነው።»

አባባ ደምለው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ለካ የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ነው የሚውሉት። ልጅቷን ጤና ኬላ ያልወሰዷትም ሰው እንዳያያቸው አፍረው ነው። ይርገዱ ነገሩ ሲገባት አንጀቷን በላት፤ ጠጋ ብላም፣

«አባባ፣ የእርስዎ ጥርስ ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው። የዚህች ልጅ እግር ግን ገና መንገዱን አልጀመረም፣» አለቻቸው።

ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን እግር አዩ። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው «እሺ» አሉ።

እሺ ሲሉ ቁልፉ ወረደ፤ ቁልፉ ሲወርድ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ጮጮው ወጣ፤ ጮጮው ሲወጣ ድመቷ አፏን ከፈተች። ድመቷን ግን ማን አይቷት? ማንጠግቦሽ ባዶውን የአያቷን ድድ አይታ፣ እንጥሏ እስኪታይ ትስቃለች። ይርገዱም ጠብ፣ ጠብ አደረገችላት።

ይርገዱ ደስ አላት። መውሰዷ እንዲታወቅ የልጅቷን ትንሽ ጣት ጥፍር በቀለም ቀባችው። ማንጠግቦሽ «ለድመቷም፣» አለች፤ የድመቷም ጥፍር ተቀባ። ይሄኔ አባባ ደምለው ትንሽ ጣታቸውን ዘረጉ።

«እኔስ አልከፈትኩም እንዴ?» አሉ፤ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አልመለሱትም።

በሉ ጅራቱን ልቀቁት፤ ተረቴ ወደ ቤቱ ይግባ።