ያልገባት ተማሪ

ባለፈው ኅዳር ዶክተር ይርዳው አንዲት ተማሪ ከክፍል ሊያስወጡ ነበር። በእንግሊዝኛ ቃላት ፊትና ኋላ ስለሚገቡ ቅጥያዎች አስተምረው ሲጨርሱ፣ እንደ ልማዳቸው «ገብቷችኋል?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ «አዎ» አለ። ዶክተሩ ይህን «አዎ» ይወዱታል። አንዲት ተማሪ ግን እጇን አውጥታ «አልገባኝም» አለች።

«ሁሉም ገብቶታል። ላንቺ ብቻ ካልገባሽ ችግሩ ያንቺ ነው። ኮርሱን ጥለሽ ውጪ» አሏት።

ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች። «እሺ ዶክተር፣ እወጣለሁ። ከገባቸው አንዱ ያስረዳኝና ገብቶኝ ልውጣ።»

ዶክተሩ ክፍሉን ቢያዩ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ጠመኔያቸውን አንስተው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ተማሪዎቹ ዶክተሩን ስለሚፈሩ «አልገባኝም» የሚለውን ሰው በዕጣ ይመርጡ እንደነበር የተሰማው በኋላ ነው። የዚያን ቀን ዕጣው የወጣው ለእሷ ነበር፤ ትምህርቱስ በመጀመሪያውም ገብቷት ነበር።